የመኪና ዝገትን ያለ ብየዳ በግቢያችን መጠገን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አሮጌ መኪና ይዞ መቆየት ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አሁን ግን ምክንያቱ በዝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያቺ የድሮ ኮሮላ እንደምንም ትቆያለች። ሞተሯ ይታደሳል፣ ጎማዋ ይቀየራል። ላሜራዋ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይበላል። ስለዚሁ ከሚጠየቁት ዋና ዋናዎቹን እዚህ ሰብስበናል።

ዝገቱ ላይ ላዩን ይሁን ጠልቆ የገባ በምን አውቃለሁ?

በዓይን ብቻ አታውቁትም። ቀለሙ ላይ ሳንቲም የምታህል እብጠት ካያችሁ፣ ከሥሯ የተበላው ቦታ ከዚያ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይፈልጋል። ብረት ዝጎ ሲለወጥ ብዙ እጥፍ ያብጣል፤ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ የሚያነሳውም ለዚህ ነው። እብጠቱ በታየበት ጊዜ ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል።

ካቻቢቴ አምጡና በእጀታው ዙሪያውን አንኳኩ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተበላው ደነዝ ይላል፣ አንዳንዴም የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማል። ከዚያ በጫፉ ጫን በሉት። ከገባ ተበስቷል። «እንዳልበሳው» ብላችሁ አትሳሱ፤ በካቻቢቴ የተበሳ ላሜራ ድሮም ላሜራ አልነበረም።

ማግኔትም ይጠቅማል። በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አስጠጉት። የማይዝ ከሆነ ከሥሩ ያለው ስቱኮ (ጉድጓድ መሙያ ልጥፍ) ነው፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ባለቤት ትቶላችሁ የሄደው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ከየት ነው የጀመረው? ኮፈን ላይ ጠጠር መትቶት የጀመረ ዝገት ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ይህ ቀላሉ ነው። የበር የታችኛው ጠርዝ ላይ ተደርድሮ የሚያብጥ ዝገት ግን ከውስጥ ነው የመጣው። ውኃ በሩ ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ይህንን ከውጭ ብቻ ቀብታችሁ ብትሸፍኑት በሚቀጥለው ክረምት ሰላም ሊላችሁ ይመለሳል።

የትኛውን ራሴ ልሥራ? የትኛውን ልተው?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

የመኪና ላሜራ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዳንዱ ይሸፍናል፣ አንዳንዱ ይሸከማል። የሚሸፍነው ፓራፋንጎ፣ የበሩ የውጭ ቆዳ፣ ኮፈን፣ የኋላ ክዳን፣ የኋላ ጎማ ዙሪያ ያለው የውጭ ላሜራ ነው። እነዚህ ላይ ያለ ብየዳ ጥገና መሥራት ይቻላል። ጥገናችሁ ባይሳካ የሚበላሸው መልክ ነው።

የሚሸከመው ሌላ ነው። ከበሮቹ ሥር ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ የተዘረጋው ሳጥን መሰል ምሶሶ፣ አሞርዛተር የሚታሰርበት፣ የደህንነት ቀበቶ የተበሎነበት፣ የወንበር እግር ያረፈበት ወለል፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ እንዲሁም ሻንሲው ራሱ። አብዛኞቹ የቤት መኪኖች ደግሞ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። እነዚህ ቦታዎች ላይ ፋይበር (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) እና ስቱኮ መለጠፍ ጥገና አይባልም። ከላይ ሲያዩት ያምራል፣ ግጭት ሲመጣ ግን እንደ ብስኩት ይሰበራል።

እንግሊዞች በዓመታዊ የመኪና ምርመራቸው ይህንን በቁጥር አስቀምጠውታል። ከቀበቶ ወይም ከአሞርዛተር ማሰሪያ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ላሜራውን ያዳከመ ዝገት ካለ መኪናው ይወድቃል። በፋይበር ወይም በስቱኮ የተደፈነም አይቀበሉም። እናንተም ሜትር አውጥታችሁ ይችኑ 30 ሳንቲ ሜትር ለካ ለካ ብታደርጉ ጥሩ መመሪያ ናት። ከዚያ ውስጥ ከሆነ ወደ በያጅ።

የፍሬን ቱቦና የነዳጅ ቱቦ ከዛጉ ደግሞ ወሬም የለውም፤ ይቀየራሉ።

ቮልስ ነው ያለኝ። የት የት ልፈትሽ?

የኋላ ወንበሩን አንሱ። ባትሪው እዚያ ሥር ነው፣ በቀኝ በኩል። ከባትሪው የሚፈሰው አሲድ ለዓመታት ወለሉን ይበላዋል። ብዙ ቮልሶች መጀመሪያ የሚበሱት እዚሁ ነው። ላይ ላዩን ከሆነ አሲዱን በቤኪንግ ሶዳና በውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ ትሠሩታላችሁ። ባትሪው የተቀመጠበት ላሜራ ከተበሳ ግን ተበይዶ መቀየር አለበት። ባትሪ ከባድ ነው፤ የጎማ ምንጣፍ አንጥፎ ማስቀመጥ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ሌላው በሁለቱም ጎን ከበሩ ሥር ያለው፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያመጣው ቦይ ነው። የቮልስ ጥንካሬ ግማሹ እዚያ ነው። እሱን በፋይበር እንዳትነኩት።

ሃያስ ላይ ደግሞ የጣሪያውን የውኃ መውረጃ ጠርዝ፣ የተንሸራታቹን በር ታች፣ የፊት መስታወቱን ጎማ ዙሪያ እዩ። ላዳ ላይ የፊት መብራቱ ዙሪያና ከበር ሥር ያለው ምሶሶ ቀድመው ይሄዳሉ።

ምን ምን ዕቃ ያስፈልጋል?

የሽቦ ብሩሽ። ትራፓኖ ካላችሁ የሽቦ ብሩሽ ጫፍ ይገጠምለታል፤ ግራይንደር ካለም የተሻለ። ብርጭቆ ወረቀት፦ ቁጥር 80፣ 180፣ 320፣ 600፣ 1500። የመጨረሻዎቹ በውኃ የሚሠሩት ናቸው። ስቱኮ ከነማድረቂያው፣ ሁለት ስፓቱላ፣ ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ፣ ውኃ የሚዘጋ መነሻ ቀለም)፣ ቀለም፣ ቲነር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ለመሸፈኛ አሮጌ ጋዜጣ። መነጽር፣ ጓንት፣ ማስክ። መርካቶ ሱማሌ ተራ ወይም ተክለሃይማኖት አካባቢ ብትዞሩ ሁሉም አለ። የቀለም ቤቱ ሰውዬ «ይህ ይበቃሃል» ብሎ አንቲረስት ቢያቀርብላችሁ ግን ከታች ያለውን መልስ አንብቡ።

ላይ ላዩን ያለ ዝገት ከየት ይጀመራል?

ከማጠብ። በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ። አቧራና ቅባት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ስታሹ ቅባቱን ወደ ብረቱ ትከቱታላችሁ።

ከዚያ ቀለሙን ከእብጠቱ ዙሪያ አንሱ። እስከ የት? የሚያብረቀርቅ ንጹሕ ብረት በሁሉም አቅጣጫ እስክታገኙ ድረስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። ትንሽ ቦታ መሥራት ስለሚፈልግ ዝገቱ ጫፍ ላይ ያቆማል። ዝገቱ ግን ከቀለሙ ሥር ይቀጥላል። የምታነሱት ቦታ ካሰባችሁት በላይ ሰፍቶ ካላስደነገጣችሁ ምናልባት ገና አልጨረሳችሁም።

የሽቦ ብሩሽን አትመኑ። ዝገቱን አጥርቶ ከማንሳት ይልቅ ያወለውለዋል። ብሩሹ ካለፈ በኋላ ጠጋ ብላችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ እነሱ ገና ዝገት ያለባቸው ጉድጓዶች ናቸው። በቁጥር 80 ደጋግማችሁ እሹ፤ የቀረውን ከታች ለምናነሳው ዝገት ቀያሪ ፈሳሽ ተዉት።

የቀለሙን ጠርዝ በ180፣ ቀጥሎ በ320 እያሻችሁ አሳሱት። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣታችሁ ስትዳስሱት ደረጃ መሰማት የለበትም። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ በቲነር ነክራችሁ ፈጠን ብላችሁ ወልውሉ። ከዚህ በኋላ ብረቱን በባዶ እጅ አትንኩት፤ የእጅ ላብም ያዝገዋል።

በዚያው ቀን ፕራይመር ቀቡ። የተራቆተ ብረት ውጭ አድሮ ጠዋት ብርቱካናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ኮካ ይሠራሉ ይባላል። እውነት ነው?

ኮምጣጤና ሎሚ አሲድ ናቸው፤ ዝገት ያሟሟሉ። የሚሠሩት ግን ነክሮ ለማሳደር ለሚመች ነገር ነው፤ ለብሎን፣ ለማጠፊያ፣ ለመፍቻ። ቀጥ ብሎ የቆመ በር ላይ ኮምጣጤ ብታፈሱ ወርዶ መሬቱን ያጠጣል። ጨርቅ ነክራችሁ ብትለጥፉ ትንሽ ይረዳል። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውኃ አጥባችሁ ወዲያው ማድረቅ አለባችሁ፤ አለበለዚያ ራሱ አሲዱ አዲስ ዝገት ያመጣል።

ኮካ ውስጥ ፎስፈሪክ አሲድ አለ፤ መጠኑ ግን በጣም ጥቂት ነው፣ ስኳሩ ደግሞ ያጣብቃል። ጠጡት።

ዝገት ቀያሪ የሚባለው ፈሳሽስ?

ይህ ቁም ነገር አለው። ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በፎስፈሪክ አሲድ የሚሠራ ሲሆን ዝገቱን ወደ ብረት ፎስፌት ይለውጠዋል። ሁለተኛው በታኒክ አሲድ ነው፤ ዝገቱን ወደ ጥቁር፣ የረጋ ነገር ይቀይረዋል። ብሩሽ ሊደርስባቸው ለማይችል ጥቃቅን ጉድጓዶች ጥሩ ነው።

ሁለት ስሕተት ይሠራል። አንዱ ወፍራም ዝገት ላይ መቀባት ነው። ፈሳሹ ላዩን ያጠቁረዋል፣ ከሥር ያለው ቡናማ ዱቄት እንዳለ ይቀራል። የሚፈረፈረው ሁሉ መጀመሪያ ይነሳ። ሌላው ንጹሕ ብረት ላይ በብዛት መቀባት ነው። ቀያሪ የሚቀይረው ነገር ይፈልጋል፤ ዝገት ከሌለ ሥራ የለውም። አንዳንዱ ከተቀባ በኋላ መታጠብ አለበት፣ አንዳንዱ የለበትም። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ማንበብ ግድ ነው።

ተበስቷል። ያለ ብየዳ እንዴት ይዘጋል?

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። የተበሳው የፊት ፓራፋንጎ፣ በር ወይም ኮፈን ነው? እነዚህ በብሎን የታሰሩ ናቸው። በጥሩ ሁኔታ ያለ ያገለገለ ፓራፋንጎ ገዝቶ ፈትቶ መግጠም ከሁሉም ጥገና ይበልጣል። ብየዳ የለውም፣ ስቱኮ የለውም፣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሰው ይህንን ረስቶ የሞተ ላሜራ ላይ ሁለት ቅዳሜ ያጠፋል። ብቻ ስትገዙ የዕቃውን የውስጥ ጎን እዩ፤ ከውጭ የተቀባ፣ ከውስጥ የተበላ እንዳይሆን።

የማይፈታ ከሆነ፣ ለምሳሌ የኋላ ጎማ ዙሪያ፣ እንደ ቀዳዳው ስፋት ነው።

ከሳንቲም ለማትበልጥ ቀዳዳ ባለ ፋይበር ስቱኮ ይበቃል። ከተራው ስቱኮ የሚለየው በውስጡ የተቆራረጠ ፋይበር ስላለው ነው። ይጠነክራል፣ ውኃም እንደ ተራው አይመጥም። የቀዳዳውን ዙሪያ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ሰርጎድ አድርጉት፤ ስቱኮው የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

መዳፍ እስከሚያህል ድረስ የፋይበር ጨርቅና ሬዚን (ጨርቁ ላይ ተቀብቶ የሚጠነክር ፈሳሽ ሙጫ) ይሠራል። ከተቻለ ከኋላ በኩል ለጥፉ። ጨርቁ ከቀዳዳው በየአቅጣጫው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ማለፍ አለበት፤ የሚያርፈውም በቁጥር 80 የታሸ ንጹሕ ብረት ላይ። ዝገት ላይ የተለጠፈ ፋይበር ከነዝገቱ ይላቀቃል። ሬዚን ስትገዙ ምርጫ ካገኛችሁ ኢፖክሲውን ውሰዱ፤ ብረት ላይ ከፖሊስተሩ በተሻለ ይይዛል። ኢፖክሲ ከያዛችሁ ግን የተሸመነውን ጨርቅ ተጠቀሙ። ዝም ብሎ የተነሰነሰ የሚመስለው የፋይበር ምንጣፍ ክሮቹን የያዘው ማጣበቂያ የሚሟሟው በፖሊስተር ሬዚን ውስጥ ነው፤ በኢፖክሲ ደርቆ እምቢ ይላል።

ከዚያ ለሚሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ላሜራ በላሜራ መጣፍ ነው። የመኪና ቆዳ ብዙውን ጊዜ ከ0.7 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የምትቆርጡት ላሜራም እንዲሁ ይሁን። የተበላውን ጤነኛ ብረት እስክታገኙ ቆርጣችሁ ጣሉ። ማዕዘን አታብጁ፤ ጥጉን ክብ አድርጉት። መጣፊያው ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ። የሚያያይዘው ለቦዲ ላሜራ የተሠራው ባለ ሁለት ክፍል ማጣበቂያ ነው። ፋብሪካዎችም አንዳንድ ክፍሎችን በዚህ ያጣብቃሉ፤ የልጅ ማስቲሽ አይምሰላችሁ። ሁለቱንም ፊት አሹ፣ ወልውሉ፣ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ቀቡ። ብረት የተራቆተበት ቦታ እንዳይቀር። ከዚያ በክላምፕ ወይም በሪቬት ያዙትና እስኪጠነክር አትነካኩት።

አልሙኒየም ላሜራ ወይም የአልሙኒየም ሪቬት በብረቱ ላይ አትግጠሙ። ሁለት የተለያዩ ብረቶች እርጥበት ሲያገናኛቸው አንዱ ይበላል። እዚህ ላይ የሚበላው አልሙኒየሙ ነው፤ ጥገናችሁም አብሮ ይሄዳል።

ጋዜጣ ወይም ስፖንጅ ጠቅጥቆ በላዩ ስቱኮ ማድረግስ?

ይህ በየሰፈሩ ይሠራል። መኪናው ሲሸጥ ያምራል። ስፖንጁ ግን ውኃ ይጠጣል፣ ውኃውን ይዞ ይቀመጣል፣ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ላሜራ ያስበላዋል። ትናንት በጡጫ ያህል የነበረ ቀዳዳ ሲከፈት ክንድ ያስገባል። ቀዳዳውን ክፍት ከመተው የባሰ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ክፍት ቀዳዳ ቢያንስ ይደርቃል።

ስቱኮውን እንዴት ልደባልቅ?

ማድረቂያው ከስቱኮው ክብደት 2 በመቶ አካባቢ ነው። የጎልፍ ኳስ ለምታህል ስቱኮ የአንድ አተር ያህል ከሆነ ብዙም አልሳታችሁም። ጠፍጣፋ ነገር ላይ በስፓቱላ እየደፈጠጣችሁ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ደባልቁ። እንደ ገንፎ አትምቱት፤ አየር ይገባዋል፣ ሲታሽ ቀዳዳ ቀዳዳ ያወጣል።

«ቶሎ እንዲደርቅ» ብሎ ማድረቂያ ማብዛት የተለመደ ነው። ትርፉ ከቀናት በኋላ በቀለሙ ላይ ብቅ የሚል እድፍ ነው። ነጭ መኪና ላይ በደንብ ይታያል። ሞቅ ባለ ቀን ከደባለቃችሁ በኋላ ያላችሁ ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቂት ደባልቁ። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ላሜራውን ማስተካከል ነው የቀረው።

ስቱኮ በውኃ አይታሽም። እንደ ስፖንጅ ይመጣል፤ ከዚያ ያንን ውኃ በቀለም ትዘጉበታላችሁ። በደረቁ፣ በ80 ጀምራችሁ በ180 ጨርሱ። በውኃ የሚታሸው ከፕራይመር በኋላ ነው።

አንቲረስት ቀብቼ ብተወውስ?

ለግቢ በር እሺ። ለመኪና ጣጣ አለው። የግቢ በር አንቲረስት በዝግታ የሚደርቅ የዘይት ቀለም ነው። በላዩ ስቱኮ ስታደርጉ ወይም በመኪና ቲነር የቀጠነ ቀለም ስትነፉ ተኮማትሮ ይነሳል። ቀለም ቀቢዎች ይህንን መሸብሸብ በደንብ ያውቁታል። አንዴ ከተሸበሸበ ሁሉንም ነቅሎ እንደገና ነው።

ግራጫው ተራ ፕራይመርም ብቻውን አይበቃም። ውኃ ያሳልፋል። ብዙ ሰው መኪናውን ግራጫ አድርጎ «ገንዘብ ሲገኝ እቀባለሁ» ብሎ ክረምቱን ሙሉ ይነዳል። ከሥሩ በዝምታ ይዝጋል። ውኃ የሚዘጋው ኢፖክሲ ፕራይመር ነው። ባለ ሁለት ክፍል ነው፣ ቀጭን ሁለት እጅ ይቀባል። ስቱኮውንም በላዩ መሥራት ትችላላችሁ። አሲድ ባለው ፕራይመር ላይ ግን ስቱኮ አታድርጉ፤ አሲዱ ስቱኮው በትክክል እንዳይደርቅ ያደርገዋል።

ቀለሙ እንዴት ይመሳሰላል?

የቀለም ቁጥሩን ፈልጉ። ቶዮታ ላይ በሾፌሩ በር ምሶሶ ወይም ሞተር ቤት ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ይገኛል። 040 ከሆነ ነጭ ነው፤ ከነጮቹ ሁሉ ለመመሳሰል የሚቀለው ይኸው ነው። 070 ከሆነ ፐርል ነጭ ነው። በሦስት ደረጃ ነው የሚቀባው፤ በግቢ ውስጥ ባትሞክሩት ይሻላል።

ቁጥሩ ትክክል ቢሆንም ፀሐይ የጠጣ ቀለም ከአዲሱ ጋር አይገጥምም። የነዳጅ ታንኩን ክዳን ፈትታችሁ ለቀለም ቤቱ ብታሳዩ ይረዳል። በተረፈ ቀለሙን ጠርዙ ላይ በቀጥታ መስመር አታቁሙት፤ እያሳሳችሁ ወደ አሮጌው አዋሕዱት። ከበር መስመር ወይም ከላሜራ እጥፋት ላይ ብታቆሙ ደግሞ ዓይን አይይዘውም። ከሁለት ሜትር ርቀት ካልታየ፣ እኔ በበኩሌ ተሳክቷል እላለሁ።

በክረምት መሥራት ይቻላል?

ጣሪያ ካላችሁ ማሸትና ስቱኮ ማድረግ ይቻላል። ቀለም መንፋት ግን አልመክርም። አዲስ አበባ ሐምሌ ላይ አየሩ በውኃ የተሞላ ነው፤ ላሜራው ይቀዘቅዛል፣ የማይታይ ጤዛ ይይዛል። በዚያ ላይ የተነፋ ቀለም ይደበዝዛል፣ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ከመስከረም በኋላ፣ ጠዋት ጤዛው ከተነሳ በኋላና ከቀትር ነፋስ በፊት ያለው ሰዓት ጥሩ ነው። ክረምት መሀል ላይ ቀዳዳ ካገኛችሁ አጽዱት፣ ኢፖክሲ ፕራይመር ቀቡት፣ ጥቅምትን ጠብቁ።

የምኖረው ሚኒሶታ ነው። እዚህ መኪና ለምን ቶሎ ይዝጋል?

ጨው። በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው። ጨዋማ ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል፣ የዝገቱን ሥራ ያፋጥነዋል። ቶሮንቶና ዋሽንግተን ዲ.ሲ. አካባቢ ያላችሁም ያው ናችሁ። ኔታንያና አሽዶድ፣ ጅዳና ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ጨዉ ከባሕሩ አየር ጋር ይመጣላችኋል።

በክረምት የመኪናውን ሆድ ከሥር በሚያጥብ ማጠቢያ ደጋግማችሁ አሳጥቡ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የሞቀ ጋራዥ ነው። በጨው የተለወሰ መኪና ሙቀት ውስጥ ሲያድር ውጭ በረዶ ላይ ካደረው የበለጠ ይዝጋል። ሙቀት ኬሚስትሪውን ያፈጥነዋል። ፒክአፕ ያላችሁ ደግሞ ሻንሲውን እዩ። ቶዮታ በ2008 እ.ኤ.አ. ሻንሲያቸው የበሰበሱ ከ1995 እስከ 2000 የተሠሩ ታኮማዎችን ከባለቤቶቻቸው እስከ መግዛት ደርሷል። ይህ በፋይበር የሚደፈን አልነበረም።

ከሥር የተቃጠለ ዘይት ወይም ሬንጅ ማስቀባት ይጠቅማል?

የተቃጠለ ዘይት ለጊዜው ውኃ ይገፋል። ግን የጎማ ቡሾችን ያላሽቃል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ይንጠባጠባል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። ሬንጅ ንጹሕና ደረቅ ብረት ላይ ከሆነ ይሠራል። ዝገት ላይ ወይም ጭቃ ላይ ከተቀባ ግን ውኃውን ከውስጥ ይቆልፍበታል። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ሆድ ያለው አሮጌ መኪና ስታዩ፣ ካቻቢቴያችሁን አውጡ።

ይልቅ ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ አለ። የበሮቹ ታችኛ ጠርዝ ላይ ውኃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በአቧራና በጭቃ ይደፈናሉ። በሽቦ ክፈቷቸው። ኮፈኑን ከፍታችሁ ከመስታወቱ ሥር የተጠራቀመውን ቅጠል ጥረጉ። ባሕር ዛፍ ሥር የምታቆሙ በተለይ። ጥገናችሁ ከደረቀ በኋላም የላሜራውን ውስጥ ለባዶ ቦታ የተሠራ ሰም ንፉበት። የውኃ መውጫውን ግን አትድፈኑት። ጥገናው ላይ የሚያስቆጨው ይኸው ነው፤ ከውጭ ሁለት ቀን ተለፍቶ ያችን የጣት ጫፍ የምታህል ቀዳዳ ማንም አያያትም።

ስንት ጊዜ ይቆይልኛል?

ከሁለቱም በኩል ደርሳችሁ የሠራችሁት ላይ ላዩን ያለ ዝገት ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ከውጭ ብቻ የተሠራ የተበሳ ላሜራ ላይ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ሁለት ክረምት ካለፈ ትርፍ ነው።

ለጤናዬ ምን ልጠንቀቅ?

ስትፍቁ መነጽር፤ ከሽቦ ብሩሽ የሚወጣ ክር ዓይን ውስጥ ይገባል። የድሮ መኪና ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል፤ ያለ ማስክ አታሹ፣ ልጆችን አርቁ። የሬዚን ማድረቂያ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ማድረቂያ ያላቸውን ባለ ሁለት ክፍል ቀለሞች በኮምፕሬሰር ለመንፋት ተራ ማስክ አይበቃም፤ ብዙዎቹ ሳንባን የሚያስቆጣ አይሶሳይኔት አላቸው። ያንን ሥራ ቀለም ቤት ላለው ሰው ስጡት፤ እናንተ ፕራይመሩን በብሩሽ ቀቡ። ቲነር በተከፈተበት ግቢ ውስጥ ደግሞ የቡና ከሰል አይቀጣጠልም። ቡናው ቤት ውስጥ ይፈላ።

ባትላሜራ ጋ ከወሰድኩት ምን ልጠይቀው?

«ቆርጠህ ነው የምትበይደው ወይስ ከላይ ትለጥፈዋለህ?» በሉት። ከተበየደ በኋላ ውስጡን ምን እንደሚቀባው ጠይቁ፤ ብየዳው የውስጡን ቀለም ያቃጥለዋል፣ ካልተሸፈነ ከዚያው ይጀምራል። ስቱኮ ከመደረጉ በፊት መጥታችሁ እንድታዩት ተስማሙ። ባለሙያ ከሆነ አይከፋውም። ከተቀባ በኋላ ብቻ ና የሚላችሁ ከሆነ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ።